ወንጭፍ የተማርኩበት በልግ

እርጥብ የበግ ጠጉር ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። እኔን ግን የትም ልሁን ጎትቶ ከአንድ የገብስ ማሳ ዳር ያቆመኛል። ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን መነጽሬን ላስቀይር ዓይን ሕክምና ሄጄ፣ ወረፋ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ሰው በዝናብ የራሰ በርኖስ ለብሶ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ዞር ብዬ ባየው ደምሴ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ። እኔ ሴቷ ልጄ ዘንድ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ወርዶባቸው ነጭ ሆነዋል፤ ድምፄን ሲሰማ ነው ያወቀኝ። «እታለም?» አለ። ተሳሳምን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። የእኔና የደምሴ ዝምታ እንደ ሌላ ሰው ዝምታ አይደለም፤ መሃሉ ላይ አንድ ድንጋይ አለበት። የማወራችሁ ስለዚያ ድንጋይ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፣ እኔም በቅጡ አልይዘውም። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ገበያ ውስጥ እግሩን እያየ የሚሄድበት ዘመን ነበር። ከመሐል ሜዳ የሚመጣው አይሱዙ ጭቃ ከያዘው ሽማግሌውም ቄሱም ሙሽራውም ወርዶ ይገፋል፤ የገፋውም ያልገፋውም የሚከፍለው እኩል ነው፤ በዚህ የተነሳ ስንት ሰው ተጣልቷል። ቀየት ገበያ ላይ ጋዝ የሚሰፈረው በቲማቲም ጣሳ ነበር፤ ሰፋሪዋ አውራ ጣቷን ጣሳው ውስጥ ነክራ ትሰፍርና ጣቷ የያዘውን ያህል ከእኛ ትቀንሳለች፤ አይ እሷ! ቴፕ ያለው ሰው ለሠርግ የሚለመነው ከሙሽራው ቤተሰብ በላይ ነው። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ መልሰው ሲከቱት ዘፋኙ በሶ እንደጎረሰ ሰው እየተጎተተ ይዘፍናል፤ እኛም እየተጎተትን እንጨፍራለን። እኔ ያኔ ወገቤ ቀጭን፣ ምላሴ ረጅም ነበር። ወገቤ አሁን እንዳያችሁት ነው፤ ምላሴ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ባሌ ተፈራ በየካቲት የበልጉን ገብስ ዘራ። ወሩ ሳይወጣ ደግሞ ከአገሩ ወንዶች ጋር ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ። ለምን እንደሄዱ ራዲዮኑ ቀንና ማታ ይናገር ነበር፤ እኔ ትዝ የሚለኝ ግን ካፖርቱ ነው። ከሰልባጅ ተራ የገዛት አረንጓዴ ካፖርት ነበረችው፤ አንዱ ቁልፏ ወድቆ በጥቁር ክር ሌላ ቁልፍ ተክዬለታለሁ፤ ያቺን ለብሶ መኪናው ላይ ሲወጣ ያቺ ቁልፍ ብቻ ትታየኝ ነበር። «ገብሱን አደራ» አለኝ። ሌላ ነገር ሊል ነበር መሰለኝ፣ መኪናው ተነሳ።

ማሳችን ከጓሳው፣ ከተከለለው የሣር ምድር ጠርዝ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ገደሉ ደግሞ የጭላዳ ዝንጀሮ ማደሪያ ነው። ጭላዳ ፀሐይ ሲሞቀው ከገደሉ ይወጣና ሣሩን ይነጫል፤ ሣር ሲነጭ ማንም አይነካውም፤ እሱም የአገሩ ሰው ነው። ገብስ ማሸት ሲጀምር ግን ሣሩን ይረሳል። መንጋው አንድ ጠዋት ካገኘው ማሳው ማሳ አይባልም። ጥይት መተኮስ አይታሰብም፤ የጓሳ ጠባቂዎቹ ይደርሳሉ። ስለዚህ በእኛ በኩል ገብስ የሚጠበቀው በወንጭፍ ነው፤ ወንጭፍ ደግሞ የወንድ ነው። ሴት አታርስም፣ አትዘራም፣ አትወነጭፍም። ባል የሌላት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ አራሹ ግማሹን ይወስዳል፤ እሷ በግማሹ ትኖራለች።

ደምሴ የመጣው ተፈራ በሄደ በወሩ ነው። «እታለም፣ ገብሱን ለእኩል ስጪኝ፤ እኔ ልጠብቀው» አለኝ። አባባሉ መልካም ነበር። ነገር ግን ያን ሰሞን መሬት እንደገና ይደለደላል የሚል ወሬ አገሩን ይዞት ነበር፤ ማሳው ላይ ቆሞ የተገኘው ባለመሬት ይባላል ይሉ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል፤ ሰው ግን ያመነው ያንን ነው። ደምሴ አዲስ ጎጆ ወጪ ነው፤ ከአባቱ የደረሰው መሬት በሬ ዞሮ የማይወጣበት ቁራጭ ነበር፤ ጨንቆታል። ይህን አውቃለሁ፤ አሁንም አልፈርድበትም። ገብሱን ከሰጠሁት ግን ማሳው ላይ የሚቆመው እሱ ነው፤ ተፈራ ሲመለስ በገዛ መሬቱ እንግዳ ሊሆን ነው፣ ልጆቼም የሰው እጅ ሊያዩ ነው። እምቢ አልኩ። እኔ እጠብቀዋለሁ አልኩት። ሳቀ፤ «በምንሽ? በእንዝርትሽ?» አለኝ።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን አይተው ፈረዱ፦ እስከ አጨዳ ትጠብቀው፤ ገብሱ ቆሞ ከተገኘ የእሷ ነው፤ ጭላዳው ካሸነፋት ግን ከዚህ በልግ ጀምሮ ለደምሴ በእኩል ትስጥ። «እሺ» ብዬ ተነሳሁ። ወንጭፍ ግን እንኳንስ መወንጨፍ፣ በየትኛው ጣት እንደሚገባ አላውቅም።

አያ ወልደጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ። በወጣትነታቸው በበሬ ቀንድ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ቀንዱን ሳይነኩ ያነሷታል ይባል ነበር። እኔ ስደርስ ወንጭፍ ከሰቀሉ ቆይተዋል። ነጭናጫ ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ ቆጥበው ነው የሚሰጡ። ያረጀ በርኖሳቸውን አየሁት፤ ትከሻው ላይ ሳስቶ ሸሚዛቸው ይታያል። በእኛ አገር የበግ ጠጉር የሚፈትለው ሴት ነው፣ የሚሸምነው ወንድ፤ እሳቸው ፈታይ ሴት የላቸውም። የአዲስ በርኖስ ፈትል እኔ እፈትልልዎታለሁ፣ እርስዎ ደግሞ ወንጭፍ ያስተምሩኝ አልኳቸው። «ሴት አስተምሬ አላውቅም» አሉ። እኔም ተምሬ አላውቅም አልኳቸው። ጢማቸውን ይዘው ትንሽ ሳቁ። እንዝርት የምታሾር እጅ አዙሪት ታውቃለች፣ ይሞከራል አሉኝ።

መጀመሪያ ድንጋይ የሚባል አላስነኩኝም። ወንጭፌን ራሴው እንድጎነጉን አደረጉ፤ ጎንጉኜ ባመጣሁ ቁጥር አዩትና ፈቱት። አንዱ ክንድ ከሌላው በጥፍር ያህል ቢረዝም ድንጋዩ ያብድብሻል ይላሉ። ድንጋዩ የሚቀመጥበት ሰፊው ሽምን ሲላላ ይቆጣሉ፣ ሲጠብቅ ይቆጣሉ። ከዚያ ባዶውን አሽከርክሪ ተባልኩ። ከኋላዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው በድምፁ ብቻ ይሰሙኛል፤ «አሁን ተንቀጠቀጥሽ» ይሉኛል ሳያዩኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላ በረረ። ከቤታቸው ክዳን ላይ አርፎ ወረደ፤ ዶሮአቸው ከእንቁላሏ ተነስታ እየጮኸች ሄደች፣ እስከ ማታም አልተመለሰችም። ሁለተኛው የገዛ ጆሮዬን ነካው። ያበጠ ጆሮዬን በነጠላ ሸፍኜ ስሄድ የመንገዱ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ በር መታኝ እላለሁ፤ ያ በር በየሳምንቱ ይመታኝ ነበር።

የአፈር ጓል ላይ ማነጣጠር ስጀምር ነው ዋናው ትምህርት የመጣው። እኔ አውራውን ጭላዳ ግንባሩን ልመታው፣ ልቤ በእልህ ተሞልቶ ነበር። እሳቸው ዓይኔን በእጃቸው ሸፈኑት። «ድንጋይሽ የሚያርፈው ዓይንሽ ያረፈበት ነው» አሉኝ። «አውራውን ካየሽ አውራውን ትገድያለሽ። ከእጁ ፊት ያለችውን ጓል ብቻ እዪ።» አውራው ከሞተ ወይም ከቆሰለ መንጋው መሪ ያጣል፤ ተበትኖ በየጎረቤቱ ማሳ ይገባል፤ ያኔ የማሳሽን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ገብስ ትጠየቂበታለሽ አሉኝ። ፊቱ ላይ ጓል ሲፈነዳበት ግን አውራው ራሱ ይዞራል፤ ሲዞር ሁሉን ይዞ ይሄዳል። አጠገቡ መምታት እሱን ከመምታት ይከብዳል፤ ዓይን አልታዘዝም ይላል፤ ወደሚጠላው ነገር ይሄዳል።

ሁለተኛው ሕጋቸው ጉም ነበር። በጉም አይወነጨፍም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ብዙ ጊዜ አልመለሱልኝም፤ አንድ ቀን ብቻ ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ በጉም ውስጥ ገብሱ ሲንኮሻኮሽ ሰሙና ለቀቁ። የገዛ ወንድማቸው ነበር፣ ቁርስ ሊያደርስላቸው የመጣ። አንድ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ አብረው ይበሉ ነበር፤ ወንድማቸው አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ እሳቸው ግን እስኪሞት ድረስ በዚያ ዓይን በኩል መቀመጥ አልቻሉም። ይህን ሲነግሩኝ ፈትሌን ይዤ ነበር፤ እጄ ቆመ።

ግንቦት አልቆ ገብሱ ማሸት ሲጀምር ማሳው ዳር ጎጆ ሠርቼ ገባሁ። መንደሩ ቀልዱን ጀመረ፤ ሴቶቹ ሳይቀሩ በዚህ ሲያልፉ «እንዴት ነሽ ጎበዙ» ይሉኛል። የመጀመሪያው መንጋ የወጣ ቀን አውራው ጋማውን ነስንሶ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን እያሳየኝ መጣ፤ እኔ ከሱ ይልቅ ፈርቼ ነበር። ጓሏን አየሁ። ለቀቅሁ። አፈሩ ፊቱ ላይ ቧ አለ፤ አውራው ተፈናጥሮ ዞረ፤ መንጋው ተከተለው፣ ጥላው ተከትሎት እንደሚሄድ። እዚያው ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ «ጎበዙ» ሲሉኝ ቀልድነቱ እየቀነሰ መጣ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ሲደፋ፣ ጉሙ ገባ። ጉም የያዘን ጠዋት ሁሉ አንድ ቦታ ተበልቶ አገኛለሁ። እኔ በአንዱ ዳር ሳለሁ በሌላው ዳር ይበላል። ቀኑ በሄደ ቁጥር የተበላው እየሰፋ መጣ፤ መንደሩም ማንሾካሾክ ጀመረ፤ ጭላዳው እያሸነፋት ነው ተባለ። ደምሴ በማሳው ዳር ሲያልፍ ከንፈሩን ይመጥልኛል። እንቅልፍ አጣሁ። አጨዳው ደርሶ፣ ያ ሁሉ ልፋት በመጨረሻዋ ሳምንት ሊቀር ነው አልኩ። አያ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ከሰሙኝ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ጭላዳ ፀሐይ ሳይሞቀው፣ በጉም፣ ከገደል ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? አይቼ አላውቅም። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያን ጥያቄ አላምጠው ነበር።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ጉሙ እጅን ዘርግተው እጅ በማይታይበት፣ ከጎጆዬ ወጥቼ በማሳው መሃል ባለችው መተላለፊያ ገባሁ። ወዲያው ሰማሁት፤ ገብስ ሲገነጠል። ቅርብ ነው። ድንጋዩን አግብቼ ማሽከርከር ጀመርኩ፤ ወንጭፉ ከራሴ በላይ ያፏጫል፣ ጣቴ ልልቀቅ ልልቀቅ ይላል። ያን ጊዜ ያ ያላየሁት ሰው፣ የአያ ወልደጻድቅ ወንድም፣ በአንድ ዓይኑ ሲያየኝ ታየኝ። አልለቀቅሁም። ድንጋዩ ፍጥነቱን እስኪጨርስ ያዝኩት፤ ተመልሶ ዳሌዬን ሲመታኝ ጥርሴን ነከስኩ። በዚያው ቅጽበት ፈረስ አፍንጫውን ሲነፋ ሰማሁ።

ወደ ድምፁ ሄድኩ። ነፋስ መጣና ጉሙን ከፈተው፤ ሽታውም አብሮ መጣ፣ የእርጥብ በርኖስ ሽታ። ደምሴ ቆሟል። የፈረሱን ገመድ ይዟል፤ የፈረሱ አፍ በገብሴ ተሞልቷል፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎዋ ራሷን ሳታነሳ ትበላለች። በመሃላችን በሬ ጠምዶ የሚያዞር ቦታ አይበልጥም። እኔን ሲያይ አልሮጠም፤ ቢሮጥ ይሻለኝ ነበር።

«ጭላዳው አሸነፈሽ፣ እታለም» አለኝ። «አገሩ የሚለው ይሄንኑ ነው። ማን ያምንሻል?»

ማንም አያምነኝም ነበር፤ እውነቱን ነው። ያ ነው ያሳበደኝ። ድንጋዩን መልሼ አገባሁ። ወንጭፉ መዞር ጀመረ። ደምሴ አልተንቀሳቀሰም፤ ምናልባት ሴት ናት፣ አትችልም ብሎ ይሆናል፤ ምናልባትም እግሩ አልታዘዝ ብሎት። ዓይኔ ግንባሩ ላይ አረፈ። የጉሙ ጤዛ ግንባሩ ላይ ሲወርድ ይታየኛል። ግንባሩ የተፈራ ግንባር ነው፤ ወንድማማቾች አይደሉ፣ ያው አንድ ሰፊ ግንባር፣ በመሃሉ ያው አንድ መስመር። ጠልቼው ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። ዓይኔን ከዚያ ግንባር ላይ ማውረድ፣ በሕይወቴ ከተሸከምኩት እንስራና ነዶ ሁሉ ይከብዳል። አወረድኩት፤ በደረቱ፣ በገመዱ፣ በጉልበቱ አልፎ ከእግሩ ፊት ያለች አንዲት ጓል ላይ ደረሰ። ለቀቅሁ። ጓሏ ፈነዳች፤ አፈሩ ቅልጥሙን መታው፤ ፈረሱ ገመዱን በጥሶ ገደል ገደሉን ሄደ። ደምሴ ፊቱ አመድ መስሎ ለአፍታ ቆመና በቅሎዋን እየጎተተ ጉሙ ውስጥ ገባ።

አያ ወልደጻድቅ በዚያው ቀን መጥተው ማሳውን ዞሩት። የፈረሱን ፋንድያ አዩ፣ የፈነዳችውንም ጓል አዩ። «ዓይንሽ መጀመሪያ የት ነበር?» አሉኝ። ግንባሩ ላይ አልኳቸው። ከጓሏ አፈር ቆንጥረው በጣታቸው አሹና፣ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ እኔ የማስተምርሽ የለም አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ሊያዩ ሲመጡ እኔ ስለ ፈረስ አልተናገርኩም። ብናገር ነገሩ ወደ ደም ይሄዳል፤ የልጆቼ አጎት ነው። እዚህም እዚያም ተቀምሷል፣ የቀረው ይኸው ቆሟል አልኩ። ዞረው አዩ፤ ከተበላው የቆመው እጅግ ይበልጣል፤ ለእኔ ፈረዱ። ደምሴ ከሰዎቹ መሃል ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ።

ተፈራ አልተመለሰም። መርዶው የመጣው ዓመቱ ሊዞር ሲል ነው። ገብሱን አላየም፤ ቢያይ ምን እንደሚል ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ያቺን ካፖርትም ማን እንደለበሳት እንጃ። ለቅሶው ላይ ደምሴ ደረቱን ሲመታ መሃል ገብተው ያዙት፤ እኔም አየሁት፣ እሱም አየኝ። በቀጣዩ በልግ፣ ገና ማንን አራሽ ልለምን ብዬ ስጨነቅ፣ ጠዋት በሩን ብከፍት በሬዎቹን ጠምዶ ማሳዬ ላይ ይተልማል። ማንም አልጠራውም። ሲታጨድ እኩሉን ውሰድ አልኩት፤ ጠላውን ጠጥቶ፣ ጣሳውን ደፍቶ ባዶ እጁን ሄደ። በዓመቱ እንደዚሁ፣ በሌላውም ዓመት እንደዚሁ፤ ልጄ አድጎ ሞፈር እስኪይዝ ድረስ። የተወራለት ድልድል በእኛ በኩል ሳይደርስ ቀረ። ዛሬ ያ መሬት ላይ ያለው ልጄ ነው። አያ ወልደጻድቅም እኔ የፈተልኩትን በርኖስ ለብሰው አርጅተው ሞቱ። እኔና ደምሴ ግን ስለዚያ ጠዋት ተነጋግረን አናውቅም፤ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የሚያርስልኝ አፍሮ ነው እል ነበር።

እና ባለፈው ሰሞን፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ፣ ዝም ካልን በኋላ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እታለም፣ ከዓይኔ ሞራውን ሊያነሱት ነው። ሳልገባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቀኝ» አልኩት፤ ምን እንደሚጠይቀኝ አውቄዋለሁ።

«ያን ጠዋት። ልትመቺኝ ብለሽ ስተሽኝ ነው ወይስ ምረሽኝ?» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ያን ሁሉ ዓመት ሳርስልሽ አላውቅም ነበር። ስተሽኝ ከሆነ ያረስኩት ፈርቼሽ ነው፤ አንድ ቀን ትደግመኛለች እያልኩ። ምረሽኝ ከሆነ ግን...» አልጨረሰውም።

ይህን ያህል ዘመን፣ እርፍ ይዞ በማሳዬ ላይ ሲመላለስ፣ ጀርባውን ለእኔ በሰጠ ቁጥር ድንጋይ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ጠላ ይዤ ስመጣ እሱ የሚያየው እጄን ነበር። ላጽናናው ብዬ መዋሸት አልፈለግሁም።

«መጀመሪያ ዓይኔ ግንባርህ ላይ ነበር» አልኩት። «ከዚያ አወረድኩት። ከእግርህ ፊት ያለችውን ጓል አየሁ፣ እሷኑ መታሁ። አልሳትኩም፣ ደምሴ። ተውኩህ።»

እነዚያ ነጭ ዓይኖቹ እንባ ሞሉና በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። ነርሷ ስሙን ጠራች። ሲነሳ ግድግዳው ጠፋው፤ እጁን ይዤ እስከ በሩ አደረስኩት። በሩ ላይ እርጥቡን በርኖሱን አውልቆ ሰጠኝ።

«ለልጅሽ ንገሪው» አለኝ። «ዓይኔ ከበራ የመጪውን በልግ የመጀመሪያ ትልም እኔ ነኝ የማወጣለት። ይሄኛውን እንኳ ሳልፈራ ልረሰው።»

በሩ ተዘጋ። በርኖሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ጠበቅሁት።